የመርከቡ ሰዓትና የዙህሪያ አጀብ

ይድረስ ለወንድሜ ለማህሱን፤ ባሕር ማዶ፣ በማሌዥያ የፓልም እርሻ ሰፈር።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏህ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ባለፈው ክረምት ይዞኝ ነበር ያልከኝ ወገብህ ለቀቀህ ወይ? ቀኑን ሙሉ ቀና ብለህ ፍሬ ስትቆርጥ አንገትህስ አይዝልም? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ሰዎች እንዴት ናቸው? ተስማምታችሁ ትበላላችሁ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ዓይኔ ቀጭን ክር ሲሆንበት ይምታታበታል እንጂ ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው። ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያውን ዝናቡ ሳይገባ አስጠግነነዋል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።

ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት ለጎረቤታችን ለአማቅ ኑርሲህ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ወደ ሥራው ስለሚመለስ በአንተ በኩል ያልፋል። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። መስመሩ ሲቆራረጥ ግማሹ ወሬ ባሕር ውስጥ ይቀራል፣ ይህ ወሬ ደግሞ ግማሹ ብቻ ከደረሰህ የሚያስቀይም ነው። ምናልባት እስካሁን ከአንዱ አፍ ሰምተኸው ይሆናል። «እህትህ የልጅህን የሠርግ አጀብ መንገድ ላይ ወጥታ አስቆመችው» ብለውህ ይሆናል። አልዋሹም፤ አስቁሜዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ስማው፤ ሰምተህ ስታበቃ የፈረድከውን እቀበላለሁ።

ከሄድክ ስድስት ዓመት ቢሆንህም በመንደራችን በኡምቡል ወጉ አልተለወጠም። ሙሽራ ከባሏ ዘመዶች ጋር በአጀብ ተመልሳ የወላጆቿን ጉልበት እስክትስም ድረስ ደጃችንን አትረግጥም። ኒካሁን አንተ በስልክ ወክለህ ካሰርክላት ቀን ጀምሮ እኔም ልጅህን ዙህሪያን አላየኋትም ነበር፤ አርባ ሁለት ቀን ሙሉ። የሙሽራ ወገን ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ አጀቡን ለመቀበል ወደ መንገድ አይወጣም። የወጣ እንደሆነ «ልጅቷን አንፈልግም፣ መልሷት» እንዳለ ይቆጠራል። ይህን አንተም እኔም ከእናታችን ሰምተነዋል። እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ፣ መንደሩም አባትን አማቅ፣ እናትን ኢናቅ እያለ በልጅ ስም ስለሚጠራ እኔንም ኢናቅ ዙህሪያ፣ የዙህሪያ እናት፣ ስለሚለኝ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ቤት መቀመጥ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ መርከቡ ልምጣ። ለምባር ወደብ ላይ እነዚያ ተራራ የሚያህሉት የሽርሽር መርከቦች መቆም ከጀመሩ ወዲህ እንግዶች ወደ ሽመና አዳራሻችን እንደሚመጡ ነግሬህ ነበር። የሚያመጣቸው ጁናይዲ የሚባል የማታራም ከተማ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደህና። ከመርከቡ የሚወርዱት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ መርከቡ ራሱ ባዘጋጀላቸው አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ እነሱ ቢዘገዩ መርከቡ ይጠብቃቸዋል። ሌሎቹ በራሳቸው ወርደው ከደጅ እንደ ጁናይዲ ያለውን ይይዛሉ፤ እነሱን ማንም አይጠብቃቸውም። ወደ እኛ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። እንግዲህ ሠላሳ ሁለት ሴቶች የምንሸምነው ለእነሱ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በእኛ መንደር ምክንያት መርከብ ካመለጠው ሁለተኛ ማንም ወደ እኛ አይመጣም።

መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው። ካፒቴኑ ካላዘዘ በቀር ከመጣበት አገር ሰዓት ጋር ይዞራል እንጂ ከቆመበት ምድር ጋር አይስማማም። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የዘንድሮዎቹ መርከቦች ሁሉ የመጡት ከጃቫ በኩል ስለነበር ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ሰቀልን፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የመርከቡ። የመርከቡን የምሞላው እኔ ነኝ። አንተ ከጣልካቸው ደብተሮችና ከዓሣ መጠቅለያ ጋዜጣ የለቃቀምኳት ፊደልና ቁጥር እዚህ ደረጃ ታደርሰኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሴቶቹ ግን «አንቺ ታነቢያለሽ» ብለው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት።

የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች የዙህሪያን አጀብ ለቅዳሜ ሲቆርጡ፣ ጁናይዲም ለዚያው ቅዳሜ እንግዶች አሉኝ አለ። መርከብ ቀኑን አይለውጥም፤ የሽማግሌ ቃልም አይለወጥም። ጁናይዲ እንደነገረኝ እንግዶቹ መርከቡ ላይ መገኘት ያለባቸው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። «በየትኛው ሰዓት?» ብዬ ስጠይቀው «በመርከቡ ነዋ፣ እንደ ወትሮው» አለኝ። እንደ ወትሮው ከሆነ በእኛ አሥራ አንድ ተኩል መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ከእኛ ዘንድ አሥር ሰዓት ላይ ቢነሳ ይደርሳል። አጀቡ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው ከአስር ሶላት በኋላ ስለሆነ ጠባቡ መንገድ ላይ ሊገናኙ ነው። መንገዳችንን ታውቀዋለህ፤ ከዋናው ጎዳና እስከ መንደሩ በግራም በቀኝም ቦይ ነው፣ ሁለት ጋሪ አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ሙሽራው መንደር ወደ ለንደር መልእክት ላክሁ። እባካችሁ ከዙህር ሶላት በኋላ ወዲያው ተነሱ፣ ሰባት ተኩል ላይ ከጎዳናው ጀምሩ አልኳቸው። በእኔ ሒሳብ አጀቡ ስምንት ተኩል ላይ ገብቶ ያልቃል፣ መንገዱ ይጸዳል፣ እንግዶቹም ሠርግ አይተው በጊዜ ይሄዳሉ። በጣም የተደሰትኩት በዚህ ነበር። ጎረቤታችን ኢናቅ ረሃን «ሰውን እንደ ድር አደራሽው» ብላ አመሰገነችኝ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ አብዛኞቹ ከእኔ የሚበልጡ። ሽመናውን አዩ፣ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ሞከሩ፣ ሩዝና የሙዝ ግንድ ወጥ በሉ። አንዷ ዱላ የያዘች፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ነበረች፤ ስሟ ዶሪን ነው። ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ወንበር አመጣሁላት። ከእኔ ጎን ተቀምጣ እጄን ስታይ ቆየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። ሁለቱን ሰዓት አየቻቸው። የእኛው ሰባት ሰዓት ከአርባ ይላል፣ የመርከቡ ስድስት ከአርባ። ሳቀች። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አዙራ አሳየችኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።

በመጀመሪያ የእሷ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ባልዋን በጣቴ ጠቆምኩት፣ የእሱም ዘጠኝ ከአሥር። ሌላዋ ስልኳን አወጣች፤ ሰባት ከአርባ ይላል፤ የሦስተኛው ስልክ ደግሞ ዘጠኝ ከአሥር። የገሚሱ ስልክ ከምድራችን ጋር ራሱን አስተካክሏል፣ የገሚሱ አላስተካከለም፤ እነሱም ጁናይዲን አምነው አንዱ የሌላውን ሳይጠይቅ ሩዙን ይበላል። ጁናይዲን ጠርቼ «ይህ መርከብ ከየት ነው የመጣው?» አልኩት። «ከአውስትራሊያ» አለኝና አፉ ክፍት ቀረ። ከምሥራቅ ነዋ። ከምሥራቅ የመጣ መርከብ ከእኛ ወደ ፊት የሄደ እንጂ ወደ ኋላ የቀረ አይደለም። እኔም ሳልጠይቅ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ሞላሁት። መርከቡ የሚሄደው በእኛ አሥራ አንድ ተኩል ሳይሆን በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከ ወደቡ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የቀረን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብቻ። ወንድሜ፣ አንተና እኔ በመሀላችን ባሕር እያለ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ያን ቀን ግን ያቺ አሮጊትና እኔ አንድ ምንጣፍ አጠገብ ተቀምጠን በሰዓት አልተገናኘንም።

በዚያው ቅጽበት ከበሮው ተሰማ። ለንደሮች ቃላቸውን ጠብቀው ሰባት ተኩል ላይ ጀምረዋል።

ጁናይዲ «እኔ ልሂድና ላናግራቸው» አለ። ኢናቅ ረሃን «አንተን ማን ያውቅሃል? ከተሜ መጥቶ አጀብ ልቁረጥ ቢል ቦዩ ውስጥ ነው የሚነክሩህ» አለችው። እውነቷን ነው። ሰዓቱን የሞላሁት እኔ፣ ቶሎ ኑ ያልኳቸውም እኔ። ለእሷ «ቤቱን ያዢልኝ» አልኳት። «ኢናቅ ዙህሪያ፣ አትውጪ» አለችኝ፣ ክንዴን ይዛ፣ «ዕድሜ ልክሽን ያወሩብሻል።» «ያውሩ» አልኩና ሽርጤን ሰብስቤ በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ ሮጥኩ። ዝናቡ ያቆመው ገና ጠዋት ስለነበር ሁለት ጊዜ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ።

አጀቡ ቆንጆ ነበር፣ ማህሱን። ይህንንም ማወቅ አለብህ። ፊት ለፊት ትልልቆቹ ከበሮዎች፣ ከኋላቸው ሴቶቹ የፍራፍሬ ሳህን በራሳቸው ተሸክመው በሁለት ረድፍ፣ መሀል ላይ በቢጫ ጥላ ሥር ዙህሪያና ባሏ ሙናዊር። ከሁሉ ኋላ ጎረምሶቹ የሚገፉት የድምፅ ማጉያ ጋሪ፤ እሱ ከከበሮው ጋር ይጣላል። ሁለት መቶ ሰው ይሆናሉ። የሚመራቸው የሙሽራው አጎት አማቅ ሰሙን ነው፤ ያ ሪዛሙ፣ ጥምጥሙን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርገው። ከማሳው ወጥቼ መንገዱ መሀል ስቆም እጁን አነሳ፣ ከበሮው ዝም አለ።

«ኢናቅ ዙህሪያ» አለኝ፣ «ቤትሽ ተቀምጠሽ የምትጠብቂን መስሎኝ። ልጅቷን እስክናደርሳት ናፍቆቱ አላስችል አለሽ?» ከኋላው አንዲት ባልቴት «ሩዙ አልበሰለም ይሆናል፣ ዞር ዞር በሉልኝ ልትል ነው» አለች። ሌላው «ጭቃውን እዪ፣ ጎሽ ነው ያባረራት?» አለና ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ፤ መንገድ መውጣቴ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ በሴቶች መሀል እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሰው ነኝ። ቃሉን ማሳመር አልቻልኩም። «አጥፍቻለሁ» አልኩት። «ቶሎ ኑ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ሰዓት የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ቤቴ አሥራ ዘጠኝ ሽማግሌና ባልቴት አሉ፤ መርከባቸው ጥሏቸው ሊሄድ ነው። ልጄን አልመልስም፤ በሬ ክፍት ነው፣ ምንጣፉም ተነጥፏል። የምለምናችሁ መንገድና መኪና ነው።» መኪና ያልኩት እነሱን ያመጡት ክፍት የጭነት መኪኖች ጎዳናው ላይ ባዶ እንደቆሙ ስለማውቅ ነው፤ አውቶቡሳችን በዚያ ሕዝብ መሀል ሊያልፍ አይችልም።

የሙሽራው አክስት «ሙሽራ መንገድ ላይ አትቆምም፣ ገደ ቢስ ነው» አለች። አማቅ ሰሙን ሪዙን አሻሸ። ከዚያ «አጀብ አይመለስም» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሰዎቹ። «ዘወርም አይልም። መቆምን ግን ማን ከለከለው? ከበሮ መቺው ላቡን ሲጠርግ ስንት ጊዜ ቆመናል?» ወደ እኔ ዞሮ «ይኸ መርከብ በማን ሰዓት ነው የሚሄደው?» አለኝ። «በራሱ» አልኩት። «እንደ ሚስቴ ነዋ» አለና ከበሮዎቹን «ምቱ፣ ቆማችሁ ምቱ» አላቸው። ሰዎቹን በሁለት ከፍሎ በግራና በቀኝ ከቦዩ ጠርዝ አስቆማቸው። ሁለት መኪና ከነሾፌሮቻቸው ሰጠኝ። «ሾፌሮቼ ፍሬን የሚባል ነገር ብዙም አይወዱም፤ ያደርሷቸዋል» አለኝ።

ጁናይዲ እንግዶቹን የጫነበት አውቶቡስም እስከ ከበሮዎቹ ድረስ መጥቶ ቆመ። እንግዶቹ እየወረዱ በሁለቱ ረድፍ መሀል አለፉ። ጁናይዲ ከፊት ሆኖ «በቶሎ፣ በቶሎ» ይላል፤ እነሱ ግን ለክብራቸው የተሰለፈ መስሏቸው በግራም በቀኝም እጅ ይነሳሉ። የለንደር ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ሳህኖቹ ራሳቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ዶሪን ግን በዱላዋ አሥር እርምጃ ሄዳ ቆመች። ጎዳናው ገና ሩቅ ነው። አማቅ ሰሙን አያትና ወደ ኋላ ወደ ድምፅ ማጉያው ጋሪ ተመለከተ። ያን ጋሪ ከመጀመሪያው እንደማይወደው፣ ጎረምሶቹ ለምነው እንዳስገቡት በኋላ ነው የሰማሁት። «ያን ጩኸት አውርዱና አሮጊቷን ጫኑ» አለ። የጋሪው ባለቤት «ወላሂ፣ አማቅ፣ በሙዚቃ ምትክ አሮጊት?» አለው። «አሮጊቷ ቢያንስ መሀል ላይ ቀጥ አትልም፣ ባትሪም አትፈልግም» አለው። ድምፅ ማጉያዎቹን ሣር ላይ አስቀምጠው እሷን በትራስ አስቀመጧትና እየሮጡ ገፉ። በሙሽሮቹ አጠገብ ስታልፍ ባርኔጣዋን አንስታ ሰላምታ ሰጠች። ሙሽራ ቀና ማለት አይገባትምና ዙህሪያ አንገቷን እንደደፋች ነበር፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሳቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሪው ከአጀቡ ጀርባ ሲወጣ አውቶቡሱ ለአጀቡ መንገድ ለመልቀቅ ወደ ኋላ እየነዳ ወደ መንደር ተመለሰ፤ እኔም በመጣሁበት ማሳ ወደ ቤት ተመለስኩ። እግሬን ለመታጠብ ጊዜ አልነበረም፤ ከበሮው ደጃፉ ላይ ደርሷል። ሽርጤን ዝቅ አድርጌ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በአንተ ቦታ የአጎታችን ልጅ ሳፑአን ተቀምጧል። ዙህሪያ ገባች፣ ተንበረከከች፣ ጉልበቴ ላይ ግንባሯን አደረገች። ጭቃው ሲነካት ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በትከሻዋ ባለው፣ ሦስት ወር በሸመንኩላት ነጠላ ጠርዝ እግሬን መጥረግ ጀመረች። ተዪ ብላት አልተወችም። ጆሮዬ ሥር ሆና «እናቴ» አለችኝ፣ «ከማሳው ስትወጪ ሳይሽ አባቴ የሞተ መስሎኝ ነበር።»

ወንድሜ፣ ሁለት መቶ ሰው «ሙሽራዋን ልትመልስ ነው» ብሎ ሲያስብ፣ እሷ ያሰበችው ይህን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እየሮጠ በመጣ ቁጥር የምታስበው ይህንን መሆኑን አላወቅኩም ነበር። «ሰዓት ነው ልጄ» አልኳት፣ «ሰዓት ብቻ ነው።» ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለወጉ ያለቀስን መስሎት ደስ አለው።

እንግዶቹ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው መርከቡ ደረጃ ላይ ደረሱ። ጁናይዲ ስልክ ደውሎ መጀመሪያ አሥር ጊዜ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፣ ከዚያ ስለ ሾፌሮቹ ያጉረመርም ጀመር። አንዱ እንግዳ ኩርባው ላይ የበረረ ባርኔጣውን ትቶ ሄዷል፤ አሁን የለንደሩ ሾፌር አድርጎት ማሳ ይወርዳል ይባላል። ሁለት መኪና ስለጎደላቸው የለንደር ሴቶች የተመለሱት በእኛ አውቶቡስ ነው። በማቀዝቀዣው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በየመንደሩ መጋረጃ እየገለጡ ሰላም እያሉ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ አውቶቡስ ካልመጣ አንሄድም ብለዋል አሉ። እኔም የመርከቡን ሰዓት የምሞላው እንግዳ ክንዱን ዘርግቶ ካሳየኝ በኋላ ብቻ ነው።

ነገር ግን ነገሩ በሳቅ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቃል ሲለዋወጡ አማቅ ሰሙን ራሱ አነሳው። «መንገድ ላይ የተሠራ ጥፋት አለ» አለ። «እኔ አልተቀየምኩም፤ ካሳ ካልተባለበት ግን ጥፋቱ ከልጅቷ ጋር ይዞራል።» ሳፑአን ሊከራከር ሲል እኔ ከሴቶቹ በኩል «ልክ ነው» አልኩ። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ስናገር ሁለተኛዬ ነው። ካሳውን ቆረጠው፤ ለሙሽራው እናት አንድ በወርቅማ ክር የተሸመነ ሽርጥ፣ ከኢድ በኋላ፣ ከሙሽራዋ አባት እጅ። ሳፑአን «አባቷ እኮ ማሌዥያ ነው፤ እኔ አለሁ፣ እኔ አቀብላለሁ» አለው። አማቅ ሰሙን «ማሌዥያ መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ስለማውቅ ነው የአባት እጅ ያልኩት። ልጅቷ በጥላው ሥር ስትንቀጠቀጥ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። በቤትህ ስም ያጠፋሁት እኔ፣ ካሳው ግን በአንተ እጅ ሆነ። ብትቆጣኝ ይገባኛል። የሥራ ውልህ ከኢድ በፊት፣ በማርች እንደሚያልቅና ልታድሰው እንደምታስብ ነግረኸኝ ነበር። አታድስ አልልህም፤ የሚበጅህን አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ድሩን ባለፈው ሰኞ አድርቻለሁ። ሦስት ጣት ያህል በቀን እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ሲደክም ኢናቅ ረሃን ክሩን ትቆጥርልኛለች። ከኢድ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከመሣሪያው ይወርዳል። ቀለሙን ቀይ አድርጌዋለሁ፤ የለንደር ሴቶች ቀይ ይወዳሉ።

ዙህሪያ እጅህን ስማለች። ባሏ ሙናዊር ዓይን አፋር ስለሆነ «በሉልኝ» ብቻ ነው ያለው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እንጨት ሳትጠይቀው ይፈልጣል። ሳፑአን ሰላም ብሎሃል፤ በአንተ ቦታ መቀመጥ ወገቡን እንዳሳመመው ንገሪልኝ ብሏል። ኢናቅ ረሃን ከነልጆቿ፣ የሽመናው ሴቶች ሁሉ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ጁናይዲም ሳይቀር ሰላም ይሉሃል። አንተም አብረውህ ለሚያድሩት ሁሉ፣ በተለይ ታሞ ለነበረው ለሃምዳኒ፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እናቱ ደህና ናት በለው። አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ እጅህንና እግርህን ከስለት ይጠብቅልህ።

መልስ አትጻፍልኝ፤ ደብዳቤህ እስኪደርስ አንተ ትደርሳለህ።

እህትህ ሩሚያ

ኡምቡል፣ ሎምቦክ
ጃንዋሪ 22 ቀን 2024